የመርዶው ትዕይንት

ደብረ ታቦር ውስጥ ደጁን ሳይዘጋ የሚያድር ማን ነው ቢባል፣ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው ወደ አሰለፈች ቤት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ግቢዋ የጸና የዋንዛ በር አለው፤ እንደ ክንድ የወፈረ መወርወሪያም አለው። መወርወሪያው ግን ከደርግ መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ የድንጋይ ካቡን ተደግፎ ነው የኖረው። አንድ ክረምት ጅብ ሰተት ብሎ ገብቶ ሙክቷን ሲወስድባት ጎረቤቱ "አሁንስ ትማራለች" ብሎ ነበር። የት! "ጅቡ የወሰደው በግ ነው። አዳነ መጥቶ በሩ ተቀርቅሮበት ቢመለስስ?" አለች፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

አዳነ ባሏ ነው። ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከቀበሌው ከተመለመሉት ጋር ወደ ሰሜን ዘመተ። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን የሰው ባል፣ የሰው ልጅ እግሩ አብጦ፣ ልብሱ አልቆ ሲገባ እሱ አልገባም። ሞቷል የሚል መርዶም አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ማን ደፍሮ ያለቅሳል? በሕይወት ያለን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት "አዳነ ነፍሱን ይማረውና" ብሎ ወሬ የጀመረ ሰው የለም። ተዝካርም አልተዘከረለትም። በዓል በመጣ ቁጥር ከዶሮው አንድ ብልት ይቀመጥለታል፤ በማግስቱ ልጁ ገነት ትበላዋለች።

ገነት አባቷ ሲዘምት የወተት ጥርሷ ገና የሚነቃነቅ ልጅ ነበረች። አድጋ የአማርኛ አስተማሪ ሆነች። በሁለት ሺሕ ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ ሁሉ የአማርኛ ፊልም በሲዲ እየተከራየ በሚያይበት ጊዜ፣ እሷም ስክሪፕት መጻፍ ጀመረች። ያስጀመራት ፈይሰል ነው። ፈይሰል የከተማው ሠርግ ቀራጭ ነው፤ በእሱ ካሜራ ፊት ያልተሽኮረመመ ሙሽራ በደብረ ታቦር የለም። ባሕር ዳር ሄዶ የፊልም ሥልጠና ከወሰደ ወዲህ ግን "ዳይሬክተር" ብለው ካልጠሩት ቶሎ አይዞርም።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስታመጣለት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

"ገነት፣ ቆንጆ ነው። ግን ራዲዮ ነው" አላት።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሰዎችሽ ያወራሉ። ተነስተው ያወራሉ፣ ተቀምጠው ያወራሉ። እዚህ ጋ ደግሞ 'የልጅነቷን ዘመን በልቧ አሰበች' ትያለሽ። ልቧን በየት በኩል ገብቼ ልቅረጸው?"

ገነት ተናደደች። "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" ብላ የምታውቀውን ተረትና ምሳሌ ሁሉ ያፈሰሰችበት ጽሑፍ ነው። ተናዳ ወጣች፤ ሳምንት ሳይሞላት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ቁጭ ብለው የሰው ፊልም እያስቆሙ፣ እየመለሱ ያያሉ። ቀስ በቀስ ገባት። ስክሪፕት ላይ የሚጻፈው በዓይን የሚታየውና በጆሮ የሚሰማው ብቻ ነው። "አዘነች" አይባልም። ያዘነ ሰው እጁን ምን ያደርገዋል? የሚጻፈው እሱ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ መስመር ነገ ሰው ለፍቶ የሚያመጣው ነገር ነው። "ዝናብ ይዘንባል" ብላ ብትጽፍ ፈይሰል "በየካቲት? አላህን አንቺ ታናግሪልኛለሽ?" አላት። "ሦስት መቶ ፈረሰኛ ይመጣል" ያለችውም ተከራክረው ተከራክረው አንድ በቅሎ ሆነ።

ወጪውን የምትችለው የፈይሰል አክስት ረሂማ ነበረች፤ በገበያው ስሟ የተጠራ የጨርቅ ነጋዴ ናት። ስክሪፕቱን ማንበብ አልፈለገችም። "በአፍሽ ንገሪኝ" አለችና ገነት ስትተርክ እሷ ጨርቅ እየለካች አዳመጠች። ሲያልቅ ቀና አለች።

"ሠርጉ የታለ?"

"ሠርግ የለውም፣ እትየ ረሂማ። ባሏ የዘመተባት ሴት ታሪክ ነው።"

"ሠርግ የሌለው ፊልም ማን ይገዛል፣ ልጄ? ደግሞስ ሳያገባት ነው እንዴ የዘመተባት? ሲያገባት አሳዪኝ እንጂ!"

ገነት ስታስበው እውነቷን ነው። ስትስቅ ያላየነውን ሴት ስታለቅስ ብናይ ምን ይገባናል? ሠርጉ ገባ። ውል ሲፈራረሙ ግን ገነትም በተራዋ አንድ ነገር አስገባች፤ አሥራ አራተኛውን ትዕይንት ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው። ረሂማ "ምን ብትቀብሪበት ነው?" ብላ ሳቀችና ፈረመች።

አሥራ አራተኛው ትዕይንት መርዶው ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ ባልየው ካሳ ይባላል እንጂ፣ ካሳ አዳነ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። እናቷ በር ከፍታ የምትጠብቀውን ሰው ገነት በወረቀት ላይ ገድላው፣ በወረቀት ላይ መርዶ ነጋሪ ልካለች። እናቷ ይህን ብትሰማ ምን ይውጣታል? የገነት ፍርሃት ይኸው ነበር፤ ሌላው ሁሉ ለእሷ ቀላል ነው። ከፍርሃቱ የተነሳ ይሆናል ትዕይንቱም አልጻፍ ያላት። ሽማግሌው ይናገራል፣ ሚስትየዋ ትመልሳለች፣ ሽማግሌው ያጽናናታል፣ እሷ እንደገና ትመልሳለች።

"ሰውየው ሞቷል ለማለት ሦስት ገጽ?" አላት ፈይሰል። "ምንድነው የምናየው ገነት? ያየሽውን ጻፊ።"

"አላየሁማ። እኛ ቤት መርዶ መጥቶ አያውቅም" አለችው።

ቀረጻው የት ይሁን ሲባል ፈይሰል ጋፋት ድረስ ወርዶ ግቢ ሁሉ ሲያይ ከረመ። ዞሮ ዞሮ የአሰለፈችን ግቢ ወደደው። ገነት እንቢ አለች፤ በኋላ ግን እናቷ የእህቷን የብዙነሽን የልጅ ልጅ ክርስትና ለማንሳት ገሳይ ሄዳ ሳምንት ልትከርም መሆኗን ስትሰማ እሺ አለች። ለእናቷ "ፈይሰል ሠርግ ይቀርጽበታል" አለቻት። ውሸት አይደለም፤ ሠርግ አለበት። አሰለፈችም "ይቅናው" ብላ መርቃ ሄደች።

መርዶ ነጋሪውን ሽማግሌ ማን ይጫወት ሲባል ደግሞ ያልታሰበ ሰው መጣ። የአዳነ ታላቅ ወንድም አለሙ ነበር። ፊልም የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አይቶ የማያውቅ፣ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት "ድምፁን ቀንሱልኝ" እያለ የሚወጣ ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ መጣና "እኔ ልሁን" አለ። ገነት ገረማት።

"አጎቴ፣ ቃል ማጥናት አለው እኮ። ይችሉታል?"

"እሱን አውቀዋለሁ፣ ልጄ" አላት።

ልምምዱ ላይ ግን አልሆነለትም። "ካሳ…" ይላል፣ "ካሳ…" ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ፈይሰል ደስታውን አልቻለም። "ወላሂ፣ ተዋናይ ናቸው! ባሕር ዳር እንኳ እንዲህ የሚሆንለት የለም!" እያለ ይዞር ነበር።

የጎረቤት ሴቶችም መጀመሪያ "በሌለ ሬሳ አናለቅስም፣ ሟርት ነው" ብለው አስቸግረው ነበር። ፈይሰል ካሳ የሚባል ሰው በአካባቢው አለመኖሩን ምሎ ሲያስረዳቸው ተሰለፉ። ከጀመሩ በኋላ ማን ይመልሳቸው! አንዷ እናቷን፣ አንዷ ወንድሟን፣ ሁሉም የየራሱን እያነሳ ግቢውን በለቅሶ ሞላው። መንገዱ ላይ ወደ ገሳይ የሚሄድ ሚኒባስ ያልፍ ነበር። ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት አየ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን የምትመታ ሴት እንጂ ካሜራ ያየ አልነበረም። ወሬ ደግሞ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ማምሻውን ገሳይ ላይ "በአሰለፈች ቤት መርዶ ደርሷል" ተባለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ትዕይንቱ ሊቀረጽ ሁሉም ተሰናድቷል። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ስለሆነ ፈይሰልም ብርሃኑን እየጠበቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ከካቡ ሥር ተሰልፈዋል፤ አለሙ ከፊት ቆሟል። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ መኪና ቆመና አሰለፈች ከእህቷ ጋር ወረደች። በተከፈተው በሯ ገባች። የባሏ ወንድም፣ ጎረቤቶቿ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በንጋት ደጇ ላይ ቆመው አየች። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ሄደችና መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

"መምጣታችሁን ሰምቻለሁ። በሉ ተናገሩ" አለች።

ገነት ከካሜራው ኋላ ሮጣ ወጣችና እግሯ ላይ ወደቀች። "እማየ፣ ፊልም ነው! ካሳ የሚባል ሰው ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። የእውነት አይደለም!"

አሰለፈች ልጇን አየች፣ ካሜራውን አየች። "ፊልም ነው?"

"አዎ እማየ። ይቅር በይኝ።"

ሰው ሁሉ አሁን "ተመስገን" ትላለች ብሎ ሲጠብቅ የአሰለፈች ፊት ጠቆረ።

"ትናንት 'ቤትሽ መርዶ መጥቷል' ሲሉኝ ልቤ ምን አለ መሰለሽ?" አለቻት። "እፎይ አለ። እግዜር ይይልኝ፣ እፎይ ነው ያለው። 'ዛሬስ አረፍኩ' አልኩ። አሁን ደግሞ ፊልም ነው ትዪኛለሽ። እንደገና ልጠብቅ ነዋ፣ ልጄ?"

ያን ጊዜ ከካቡ በኩል ድንጋይ ሲንኳኳ ተሰማ። አለሙ ዱላውን ጥሎ ከካቡ አንድ ድንጋይ ፈነቀለ፤ ማጅራቱ ላይ አደረገው፤ ጎንበስ ብሎ ወደ አሰለፈች መጣ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው በድሎ ይቅርታ ሊለምን የመጣ ነው። ድንጋዩን የሚያወርድለት ደግሞ የተበደለው ብቻ ነው። ፈይሰል ግራ ገብቶት "ይህ ስክሪፕቱ ላይ የለም" አለ በሹክሹክታ። የሰማው አልነበረም።

"እቱ አሰለፈች" አለ አለሙ፣ ፊቱን ወደ መሬት እንዳደረገ። "ፊልሙ ውሸት ነው። መርዶው ግን እውነት ነው። አዳነ ሞቷል።"

አለሙ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አመቻችቶ ቀጠለ።

"ጦሩ ሲበተን ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ጋር ነበር። መንገድ ላይ ንዳድ ያዘው። አብሮት የነበረ ያንበሳሜ ሰው በእጁ ቀበረው። ይህን የነገረኝ በሰማንያ ሦስት ክረምት፣ አንበሳሜ ገበያ ላይ ነው። ላረዳሽ ተነሳሁ። ፍልሰታ ነበር፤ ጾሟን ትፍታ አልኩ። እንቁጣጣሽ መጣ፤ የልጅቱን በዓል አላበላሽ አልኩ። መስቀል መጣ። ከዚያ አንቺ ታመምሽ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ 'እስከ ዛሬ የት ነበሩ' ብትዪኝ የምመልሰው አጣሁ። በዘገየሁ ቁጥር አፌ ተሳሰረ። ለፊልሙ ሰው ሲፈልጉ፣ በውሸቱ ብለማመደው ለእውነቱ ይቀለኛል ብዬ ገባሁ።"

መርዶን በዓል ማሳለፍ ባገራችን ደግነት ነው። ጠዋት ሊያረዱት የመጡትን ሰው እንኳ መጀመሪያ እህል ያስቀምሱታል። ደግነት ግን እንደ ጠላ ነው፤ ሲቆይ ይኮመጥጣል።

"ምን አለ?" አለች አሰለፈች።

"ማን?"

"አዳነ ነዋ። ሳይሞት ምን አለ?"

አለሙ ከድንጋዩ ሥር ቀና ሊል ሞከረ።

"'አትጠብቀኝ በሏት' ነው ያለው።"

ከሴቶቹ አንዷ "ወይኔ!" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገነት የእናቷን ዓይን ተከተለች። አሰለፈች የምታየው አለሙን አልነበረም፤ ካቡን ተደግፎ የቆመውን መወርወሪያ ነበር። ድንጋዩን ሳታነሳለት የምትቀር መሰለ፤ ባታነሳለትም የሚፈርድባት አልነበረም።

"አያ አለሙ" አለች በመጨረሻ። "ሌላው ይቅር። ይህችን ቃል ብቻ ምነው በነገሩኝ ኖሮ!"

"አጠፋሁ።"

"አጥፍተዋል።" ተነሳች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቱ አነሳችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። "እርስዎም ከብዶዎት ኖሯል። ይበቃዎታል።"

ከዚያ አለቀሰች። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንዲሉ፣ ባለቤቲቱ ስትጮህ ግቢው ሁሉ አብሯት ጮኸ። የትናንቱ ልምምድ ነበር፤ የዛሬው ለቅሶ ነው። ገነትም አባቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርታ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ደረቷ ውስጥ ለዓመታት ተቋጥሮ የኖረ ነገር ሲላላ ተሰማት። ፈይሰልን ስታየው ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ካቡ አዙሯል።

የፊልሙ ሥራ ቆመ። ለሠርጉ ትዕይንት የመጣው ድንኳን ለለቅሶው ተተከለ። ሚስትየዋን የምትጫወተው ልጅ ውሃ ስትቀዳ ዋለች፤ የሙሽራው ሚዜዎች እንጨት ፈለጡ። ረሂማ ወሬውን እንደሰማች እየሮጠች መጣችና መጀመሪያ ፈይሰልን ወደ ጥግ ሳበችው።

"ቀረጽከው?"

"አልቀረጽኩም፣ አክስቴ።"

"አልሐምዱሊላህ። ብትቀርጸው ዓይንህን አላይም ነበር" አለችና ገብታ ከአሰለፈች ጎን ተቀመጠች። ሦስቱንም ቀን ሱቋን ዘግታ ዋለች።

ቄሱ ለአዳነ በስሙ ፍትሐት አደረሱለት፤ የተዝካሩም ቀን ተቆረጠ። የለቅሶው ሰው ሲበታተን ገነት እናቷ ስትበላ አየቻት። ሰው አስገድዷት አልነበረም፤ እርቧት ነው የምትበላው። "ጨው አነሰው" ስትልም ሰማች። ገነት ከደስታ የተነሳ ጨዉን ልታመጣ ሄዳ በርበሬ ይዛ ተመለሰች።

"እስቲ ያን የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አለቻት እናቷ፣ ከበላች በኋላ።

ገነት እየፈራች ሦስቱን ገጽ አነበበች። አሰለፈች አገጯን በእጇ ይዛ አዳመጠች። ሽማግሌው ለሁለተኛ ጊዜ ማጽናናት ሲጀምር ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ገነት ልታለቅስ ነው ብላ ስትደነግጥ፣ እናቷ በሳቅ ፈነዳች። ገነት እንዲህ ስትስቅ ሰምታት አታውቅም።

"ኧረ በሞቴ! በዚያ ሰዓት ይህን ሁሉ ማን ያወራል? ሰውየው ሳይቀበር ስብከት!"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"ያየሽውን ጻፊያ። የኔን ለቅሶ ግን ተዪው። እሱ የአዳነ ነው።"

ገነት ሦስቱን ገጽ ቀደደች። በእነሱ ፋንታ የጻፈችው ይህን ነው፦ "ውጪ። ግቢ። ንጋት። ሽማግሌው ድንጋይ ተሸክሞ በተከፈተው በር ይገባል። ሴትየዋ ታየዋለች። ታነሳለታለች።" ማምሻውን ፈይሰል መጥቶ አነበበው።

"ንግግሩስ?"

"የለውም።"

ደግሞ አነበበው። "ነገ ጎህ ሲቀድ መጥቼ እቀርጸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ" አለና ስክሪፕቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ። ሊያጽናና የመጣው አለሙም አብሮት ወጣ፤ ያን ቀን ዱላውን እንደ ጌጥ ይዞት ነበር እንጂ አልተደገፈውም።

ገነት ሳህን ስታጥብ እናቷ ወደ ግቢው በር ስትሄድ አየቻት። አሰለፈች ካቡን የተደገፈውን መወርወሪያ አነሳች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዓመታት ብዛት እንጨቱ አብጦ ነበርና አልገባ አላት። በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችው። ገባ።

"ደህና እደር" አለች፤ ማንን እንደሆነ አልተናገረችም። ገብታም ተኛች።

በማግስቱ ፈይሰል ገና ጎህ ሲቀድ ካሜራውን በትከሻው አንጠልጥሎ መጣ። እንደ ልማዱ በሩን ገፋ አድርጎ ሊገባ ሲል ግንባሩ ከዋንዛው ጋር ተጋጨ። "ያ አላህ! በሩ ተዘግቷል!" ሲል መንደሩ ሰማው። ገነት ጸጉሯን ሳታበጥር ሮጣ ወጣችና መወርወሪያውን ስባ ከፈተችለት። ፀሐይ ከጉና በኩል ብቅ ማለት ጀምራለች። ዶሮ ሳይጮህ የምትነሳው አሰለፈች ግን አልተነሳችም፤ ማንኮራፋቷ እስከ ደጅ ይሰማል።

"ቀስ ብለህ ተናገር" አለችው ገነት። "እማየ ተኝታለች።"